በሰማንያ ዓመታቸው ስኪዞፍሬኒያ የተጻፈባቸው አረጋውያን፦ ከአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ስኪዞፍሬኒያ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምር ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ወንዶችን ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይጀምራቸዋል። ሴቶችን ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ። ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ተመሳሳይ ሕመም አለ፤ ግን ብርቅ ነው። አንድ አረጋዊ ድንገት የሌለ ነገር ማየት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ቢጀምሩ፣ ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፦ የመርሳት በሽታ፣ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ጉዳት፣ የጆሮ ወይም የዓይን መድከም።

ታዲያ ከ2012 ወዲህ በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች) መዝገብ ላይ ስኪዞፍሬኒያ የተጻፈባቸው አረጋውያን ቁጥር ለምን ወደ ላይ ወጣ? ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በነርስነትና በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) የሚሠሩ ሐበሾች ብዙ ናቸው። አሁን ደግሞ ወላጆቻችን እያረጁ ነው። አንዳንዶቹ እኛ በምንሠራባቸው ቤቶች አልጋ ይዘዋል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ነገር እነሱንም ይነካል።

ሕጉ

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎቻቸውን እየቀነሱ መጡ። ከዚያ ከወጡት ሰዎች ብዙዎቹ የገቡት ነርሲንግ ሆም ነው። የገቡበት ቤት ግን የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት አልነበረም። ሰው በወንበር ይታሰራል። አለዚያም በመድኃኒት ይደነዝዛል። በ1986 የሕክምና ተቋም የሚባለው የአሜሪካ የሳይንስ አካል የእነዚህን ቤቶች ደካማ አያያዝ በዝርዝር አወጣ። በታኅሣሥ 1987 ፕሬዚዳንት ሬገን የነርሲንግ ሆም ማሻሻያውን የያዘውን ሕግ ፈረሙ።

ሕጉ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ነዋሪ ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል በገመድም ሆነ በመድኃኒት እንዳይታሰር ከለከለ። ሁለተኛ፣ ፓሳር የሚባለውን የማጣራት ሥርዓት ፈጠረ። ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የተዘጋጀውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አጭር ቅጽ ይሞላለታል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ይኖረዋል ተብሎ ከተጠረጠረ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ያልፋል። ሁለተኛው ደረጃ ከቤቱ ነፃ በሆነ ገምጋሚ የሚሠራ ሙሉ ምዘና ነው፤ ኃላፊነቱም የክፍለ ግዛቱ ነው። የሚመልሳቸው ጥያቄዎችም ግልጽ ናቸው፦ ለዚህ ሰው ነርሲንግ ሆም ትክክለኛ ቦታ ነው ወይ? ከገባስ ምን ዓይነት የአእምሮ ሕክምና ያስፈልገዋል?

በወረቀት ላይ ጥሩ ሥርዓት ነው። በተግባር ግን የመጀመሪያው ቅጽ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ታካሚው ሊወጣ ሲል፣ አልጋው ሲፈለግ። ታሪኩን የሚያውቅ ቤተሰብ በቦታው ላይኖር ይችላል። ከሆስፒታል ቀጥታ መጥቶ ከ30 ቀን በታች ይቆያል ተብሎ የሚገመት ሰውም ሊታለፍ ይችላል። ዋናው ሕመሙ የመርሳት በሽታ ነው የተባለም ከሁለተኛው ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ የእውነት የታመመው ሳይታይ ሊገባ ይችላል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መለኪያው

በሚያዝያ 2005 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በአዲሶቹ የሳይኮሲስ (የሌለ ነገር የማየት፣ የመስማት ወይም የማመን ችግር) መድኃኒቶች ላይ ጥቁር ሳጥን የሚባለውን ከባዱን ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ። 17 ሙከራዎች ሲመረመሩ፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስዱ የመሞት ዕድላቸው ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ጨምሮ ነበር። በአንድ የተለመደ የ10 ሳምንት ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ የውሸት እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 2.6 በመቶ ያህሉ። በ2008 ማስጠንቀቂያው እንደ ሃልዶል ላሉት የቆዩ መድኃኒቶችም ተዘረጋ።

መድኃኒቶቹ ግን መሰጠታቸው ቀጠለ። የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር በ2011 ባወጣው ሪፖርት የ2007ን የመጀመሪያ ስድስት ወር ተመለከተ። ከነርሲንግ ሆም አረጋውያን 14 በመቶው አዲሶቹን የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ሲወስዱ ነበር። ለመድኃኒቶቹ ከቀረበው የክፍያ ጥያቄ 88 በመቶው ማስጠንቀቂያው የተጻፈለት ችግር፣ ማለትም የመርሳት በሽታ፣ ላለባቸው ሰዎች ነበር።

መንግሥት በ2012 ዘመቻ ጀመረ። በ2011 መጨረሻ ረጅም ጊዜ ከሚቆዩት ነዋሪዎች 23.9 በመቶው የሳይኮሲስ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ይህ ቁጥር እንዲቀንስ ግብ ተቀመጠ። እያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንደሚሰጥም ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ፤ ቆይቶም ቤተሰብ ቤት ሲመርጥ በሚያየው የአምስት ኮከብ ደረጃ ውስጥ ገባ። ኮከብ ማለት ለነርሲንግ ሆም ገበያ ነው።

መለኪያው ሦስት ሕመሞችን ከቆጠራው አስወጣ፦ ስኪዞፍሬኒያ፣ የሃንቲንግተን በሽታና የቱሬት ሲንድረም። ሐሳቡ ትክክል ነው። ለስኪዞፍሬኒያ እነዚህ መድኃኒቶች ዋናው ሕክምና ናቸው፤ ቤቱ የእውነት ታማሚ ስለተቀበለ ሊቀጣ አይገባም። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ነዋሪው ስኪዞፍሬኒያ አለበት ብሎ የሚመዘግበው ራሱ በቁጥሩ የሚመዘነው ቤት ነው። ኤምዲኤስ በሚባለው የምዘና ቅጽ ላይ አንዲት ሳጥን አለች። እሷ ላይ ምልክት ሲደረግ ሰውየው መድኃኒቱን እየወሰደ ከቆጠራው ይወጣል። መድኃኒት መቀነስ የሠራተኛ ጊዜ፣ ትዕግሥትና ሥልጠና ይጠይቃል። ሳጥኗ ግን ምንም አትጠይቅም።

ነገሩ ሁልጊዜ በተንኮል የሚሠራም አይመስለኝም። ነርሲንግ ሆም የሠራ ሰው ማታ ማታ ያለውን ያውቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይረበሻሉ። ይጮኻሉ፣ ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ ልብስ ሲቀየርላቸው ይመታሉ። ሁለት ሲኤንኤ ለአንድ ሙሉ ፎቅ። ነርሷ ሐኪሙ ጋ ትደውላለች፣ ሐኪሙ ሰውየውን ሳያይ ያዝዛል። በኋላ የመድኃኒት ባለሙያው መዝገቡን ሲያይ "ይህ መድኃኒት ለምን ታዘዘ?" ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ለመድኃኒቱ የሚስማማ ሕመም ይፈለጋል። ሕመም መድኃኒትን መቅደም ሲገባው፣ መድኃኒት ሕመምን ጠራ።

የተገለጠበት መንገድ

ይፋዊው ቁጥር ወረደ። ከ23.9 በመቶ ወደ 15 በመቶ ግድም ደረሰ። ዘመቻው ሠራ ተባለ። በከፊል እውነት ነው፤ ብዙ ቤቶች የእውነት ቀንሰዋል።

በግንቦት 2021 ግን ዋናው ኢንስፔክተር ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ቤቶቹ ራሳቸው የሚሞሉት ኤምዲኤስ ነው። ሁለተኛው ሐኪሞች ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) የሚያቀርቡት የክፍያ ጥያቄ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ለዚያ ሕመም ይታያል፣ ይታከማል፣ ይከፈልለታል። በ2018 ኤምዲኤስ ላይ ስኪዞፍሬኒያ ከተጻፈባቸው ነዋሪዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ለዚህ ሕመም አንድም የሜዲኬር ሕክምና አልተመዘገበላቸውም። ቅጹ ላይ አሉ፤ ሐኪም ቤት የሉም።

በመስከረም 2021 ኒው ዮርክ ታይምስ ሰፊ ምርመራ አተመ። ከዘጠኝ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች አንዱ የስኪዞፍሬኒያ ስያሜ እንዳለው ገለጸ፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን ከ150 ሰው አንዱ ነው። ከቆጠራ የወጡት ሲጨመሩ መድኃኒቱን የሚወስዱት ቢያንስ 21 በመቶ ሆነው ተገኙ። በኅዳር 2022 ዋናው ኢንስፔክተር በድጋሚ መጣ። የሚደግፍ የሕክምና መዝገብ ሳይኖር ስኪዞፍሬኒያ የተጻፈባቸው ሰዎች ቁጥር ከ2015 እስከ 2019 በ194 በመቶ ጨምሯል። በ2019 በ99 ቤቶች ውስጥ ከነዋሪዎቹ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ስያሜ ነበራቸው።

ያ ሪፖርት ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። የሳይኮሲስ መድኃኒት ሲቀንስ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጨመሩ። አእምሮና ስሜት ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ሁሉ አንድ ላይ ሲታዩ ከ2011 እስከ 2019 ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ረጅም ጊዜ ከሚቆዩት ነዋሪዎች 80 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንዱን ይወስዱ ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለማረጋጊያ መዋሉ ደግሞ ታሪክ አለው። በ2012 አቦት የተባለው ኩባንያ ዴፓኮት የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን መረበሽ ይሆናል ብሎ ማስተዋወቁን አምኖ ጥፋተኛ ሆነ፣ 1.5 ቢሊዮን ዶላርም ከፈለ። ለነርሲንግ ሆም ብቻ የተመደበ የሽያጭ ቡድን ነበረው።

በጥር 2023 ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የስኪዞፍሬኒያ ምዝገባን መመርመር ጀመረ። መርማሪዎቹ ከርቀት መዝገብ ያስመጣሉ። የሚፈልጉት ነገር ቀላል ነው፦ ሙሉ የአእምሮ ሕክምና ምዘና አለ ወይ? ምልክቶቹ ቢያንስ ስድስት ወር እንደቆዩ ተጽፏል ወይ? ሌላ መንስኤ እንደሌለ ተረጋግጧል ወይ? ምርመራው ገና በሙከራ ላይ ሳለ በብዙ መዝገብ ውስጥ ይህ አልነበረም። የተሳሳተ ምዝገባ የተገኘበት ቤት የጥራት ኮከቡ ለስድስት ወር ወደ አንድ ይወርዳል፤ አጠቃላይ ደረጃውም አንድ ኮከብ ያጣል። ከምርመራው በፊት ስህተቱን አምኖ ለማረም ቃል ለገባ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል።

አሁን ወደ ፓሳር ልመለስ። ነዋሪ ሆኖ ሳለ አዲስ ከባድ የአእምሮ ሕመም የታየበት ሰው ለሁለተኛው ደረጃ ምዘና ወደ ክፍለ ግዛቱ መላክ አለበት። ደንቡ ይህን ይላል። እንግዲህ አንድ ቤት "እኚህ የ82 ዓመት እናት ስኪዞፍሬኒያ አለባቸው" ብሎ ኤምዲኤስ ላይ ከጻፈ፣ ለክፍለ ግዛቱም ማሳወቅ ነበረበት። ካላሳወቀ ከሁለት አንዱ ነው። ሕመሙ እውነት ከሆነ ሴትዮዋ የሚገባቸውን ልዩ ሕክምና ተነፍገዋል። እውነት ካልሆነ መዝገባቸው ላይ የሌላቸው በሽታ ተጽፎባቸዋል። ሁለቱም በደል ነው። መርማሪም ሆነ ቤተሰብ በአምስት ደቂቃ ሊያየው የሚችል ምልክት ይኸው ነው፤ የስኪዞፍሬኒያ ሳጥን ምልክት አለባት፣ የፓሳር ሁለተኛ ደረጃ ወረቀት ግን የለም።

ጉዳቱ መድኃኒቱ ላይ ብቻ አያቆምም። ስኪዞፍሬኒያ የተጻፈበትን ሰው ሌላ ቤት ለመቀበል ያንገራግራል። የዳሌ ሕመም፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ድብርት፣ ሁሉም "የበሽታው ጠባይ ነው" እየተባለ ይታለፋል። ዕድሜ ልካቸውን ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የኖሩት ደግሞ በሐሰተኛ ስሞች መሃል ይጠፋሉ። እኔ ለእነሱም እቆረቆራለሁ። የተቸገረ ቤት ሁሉ በስማቸው ከተጠቀመ፣ የእነሱን እውነተኛ ሕመም የሚያምን ይቀንሳል።

ትክክለኛ ማጣሪያ ከእኛ ሰው ጋር ሲሠራ

ኤምዲኤስ ላይ ሁለት ዋና ዋና ቃለ መጠይቆች አሉ። አንዱ ቢምስ ይባላል፣ የማስታወስ ችሎታን ይለካል፣ ከ15 ነው። ከ13 እስከ 15 ደህና ነው። ከ8 እስከ 12 መካከለኛ መድከም ነው። ከዚያ በታች ከባድ ነው። ሦስት ቃላት ተነግረው ይደገማሉ፣ ቆይቶም ይጠየቃሉ። ዓመቱ፣ ወሩና የሳምንቱ ቀንም ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ቁም ነገር አለ። ከኢትዮጵያ በእርጅና የመጡ እናት "ዘመኑ ስንት ነው?" ሲባሉ በእኛ አቆጣጠር ቢመልሱ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ቢምስ ላይ ከ5 ዓመት በላይ የተሳሳተ ዜሮ ያገኛል። ሦስት ነጥብ ሄደ። ወሩን "ጥቅምት" ቢሉና ጠያቂው ባይገባው ሁለት ነጥብ ይሄዳል። ሌላውን ሁሉ በትክክል የመለሱ፣ አእምሯቸው የተሟላ እናት ከ15 10 ያገኛሉ። መዝገባቸው ላይ "መካከለኛ መድከም" ይጻፋል። ስህተቱን ለማስቀረት አንድ አስተርጓሚ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የመለሱት" ማለት ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የድብርት ቃለ መጠይቅ ነው፣ ፒኤችኪው-9። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የድብርት ምልክት ካላሳዩ ቃለ መጠይቁ እዚያው ያበቃል። የአማርኛው ቅጂ በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል 926 ጎልማሶች ላይ ተፈትሾ በ2013 ታትሟል። ስለዚህ ገምጋሚ ከራሱ ተርጉሞ መጠየቅ የለበትም። የመርሳት በሽታው ከጠናና ሰውየው መመለስ ካልቻለ በሠራተኞች ምልከታ የሚሞላ ቅጽ አለ። ለመርሳት በሽተኞች ድብርት የተዘጋጀው የኮርኔል መለኪያም ከ1988 ጀምሮ አለ፤ ታማሚውንም የሚያውቀውን ሰውም ይጠይቃል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ምግብ ፍላጎት ነው። በሁዳዴ ለሚጾሙ እናት የሥጋ ሳህን ቀርቦ "ምግብ እምቢ አሉ" ተብሎ ይጻፋል። ሌሊት ተነሥተው ሲጸልዩ ቋንቋውን የማያውቅ "ብቻቸውን ያወራሉ" ሊል ይችላል። እመቤታችን በሕልሜ ታየችኝ ማለት ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም በአንድ ባህል ወይም እምነት ዘንድ የተለመደን ነገር እንደ ሕመም እንዳይቆጥሩ ያስጠነቅቃል። ግን ይህን ለገምጋሚው የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ ወይ የሚል። ይህን ጥያቄ ልጅ ለእናቷ እንድታስተረጉም ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው። የትኛዋ ሐበሻ እናት ልጇ ፊት "አዎ፣ ብሞት ብዬ አስባለሁ" ትላለች? "አይ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የምትለው። ሲኤንኤዋ ሐበሻ ብትሆንም እሷን ጠርቶ ማስተርጎም አይበቃም። የሠለጠነ አስተርጓሚ፣ ቢያንስ በስልክ፣ ይጠየቅ። ኤምዲኤስ ራሱ የነዋሪውን ቋንቋና አስተርጓሚ መፈለጉን ይጠይቃል።

ለሲኤንኤዎች አንድ ነገር ልጨምር። የምትጽፉት ማስታወሻ መዝገብ ውስጥ ይኖራል። "ተረብሸዋል" ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። "ከእራት በኋላ ሲገለበጡ ቀኝ ዳሌያቸውን ይዘው ጮኹ፣ ከዚያ በፊት ደህና ነበሩ" የሚል ማስታወሻ ሐኪሙን ወደ ዳሌው ይመራዋል። መጀመሪያው ማስታወሻ የሚመራው ወደ መድኃኒት ሣጥን ነው።

ቤተሰብ ምን መጠየቅ ይችላል

የፌዴራል ደንቡ ነዋሪው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መዝገቡን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያይ ይፈቅዳል፤ ቅዳሜና እሑድና በዓል አይቆጠሩም። ቅጂ ሲጠየቅ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። መዝገቡን ስታዩ የሕመሞቹን ዝርዝር አንብቡ። ስኪዞፍሬኒያ ወይም ሌላ የማታውቁት የአእምሮ ሕመም ካለ በእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባው ላይ ጠይቁ፦ ይህን ማን፣ መቼ፣ ምን አይቶ ወሰነ? የአእምሮ ሐኪም በአካል አይቷቸዋል? ፓሳር ሁለተኛ ደረጃ ተሠርቷል? ዕድሜያቸው ሙሉ ጤነኛ እንደነበሩ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ሱቅ የነገዱ መሆናቸው ለምርመራው ዋና መረጃ ነው።

የሳይኮሲስ መድኃኒት "ሲያስፈልግ ብቻ" ተብሎ ከታዘዘ፣ ከኅዳር 2017 ጀምሮ ትዕዛዙ ከ14 ቀን አይበልጥም። ለማደስ ያዘዘው ባለሙያ ነዋሪውን እንደገና መገምገም አለበት። በየቀኑ የሚሰጥ ከሆነም ቤቱ መጠኑን ቀስ በቀስ ለመቀነስ መሞከር አለበት፣ ይህን የሚከለክል የሕክምና ምክንያት ካልተጻፈ በቀር። በራሳችሁ ግን ድንገት አታስቁሙ፣ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ቤቱ መልስ ካልሰጠ በየክፍለ ግዛቱ ኦምቡድስማን የሚባል የነዋሪዎች ተሟጋች አለ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ያለ ነዋሪው ወይም ያለ ወኪሉ ፈቃድ ስማቸውን ለቤቱ አይገልጥም። ስልክ ቁጥሩ ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ለሁሉም በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት፤ አማርኛ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።